የቅዳሜ ክፍለ ጊዜ

አሥራ አንደኛ «ለ»፤ ስድሳ ሦስት ተማሪ፣
ለአራት አንድ መጽሐፍ፤ እኔ ጠመኔ ቆጣሪ።
ምዕራፍ ሰባት ደረስን፣ ደብረ ሲናን ጉም ውጧት፣
መስታወት በሌለው መስኮት ክፍል ገብቶ ሳይጠሩት።

ምንባቡ ስለ አንድ ሰው ነው፤ የባሕር ማዶ ሰው፣
ከተማውን ትቶ ዱር የገባ፣ ዝምታን ሊቀምሰው።
ነፍስ ዛፍ ሥር ትማራለች ይላል በሦስተኛው መስመር፤
ከግርጌው አምስት ጥያቄ፣ ፊደል ማክበብ፣ ነጥብ መቁጠር።
ልጆቹ ያከብባሉ።
ማንያዘዋል ለጥዱ ጀርባውን ሰጥቶ
«ተፈጥሮ» የሚለውን ቃል ፍቺ ይሸመድዳል።

«ቅዳሜ» አልኩ፣ «ወፍ ዋሻ እንወጣለን በእግር፤
ደብተርና ስንቅ ብቻ። ስልክ የለም፣ የለም ነገር።»
ርዕሰ መምህሩ ፈረሙ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቀው፣
«ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?»
«አይመጣም» ስላቸው ስቀው።

ወጣን።
ሲኖትራኮች ከጣርማበር ማርሽ ሲቀይሩ፣ ሲያጓሩ፣
ድምፃቸው ከኋላ ቀረ፤ እግሮቻችን ብቻ ተናገሩ።
የዱሩ ጠባቂ ጋሽ ዳምጠው ከኬላው ወጥተው ቆጠሩን፤
«ስትገቡ ስድሳ ሦስት፣ ስትወጡም ይኸው ይሁን።»
ከዚያ ቀስ ብለው፦ «መጥረቢያ የያዘ የለም?»
ሣቅን። ስንቅነሽ አልሣቀችም።

እያንዳንዱ ዛፍ ይምረጥ፤ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጥ፣
ያየውን ብቻ ይጻፍ፤ ባላየው አያጊጥ።
ጥድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ኮሶ ቀይ ዘለላውን የጣለ፤
ዝም በሉ ያልኩትን ጥሶ ጉሬዛ ከላይ ዘለለ።
አምስት ደቂቃ። አሥር። ሳል፣ ሹክሹክታ፣ የከረሜላ ወረቀት፤
ከዚያ አንድ ነገር ወረደብን፣ ጉም ይሁን ጸጥታ እንጃለት።

ሰዓቱ ሞላ። ጥያቄ ያለው?
ስንቅነሽ እጇን አወጣች፦
«ቲቸር፣ ዱር የገባው ሰውዬ… እንጨት ማን ለቀመለት?
ልብሱንስ? ውኃውንስ? አልነበረችውም እናት? እህት?»
ክፍሉ፣ ዱሩ ማለቴ፣ በሣቅ ተናጋ።
ስለ ነፍስ የተዘጋጀሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተዘጋ።

ማታ። መብራቱ እየመጣ ይሄዳል፤
ቀይ እስክሪብቶ፣ ስድሳ ሦስት ወረቀት።
«ተፈጥሮ ውብ ናት» ይላል አንዱ፤ ሌላውም «ውብ ናት» ይላል።
የማንያዘዋል ባዶ ነው፤ ከግርጌው አንዲት ቃል ብቻ፦
«ሰማሁ።»
ስንት ልስጠው? እስካሁን አላወቅሁም።

ስንቅነሽ ዛፍ አልመረጠችም፤ ጉቶ ላይ ነው የተቀመጠችው።
በሚንገዳገድ እንግሊዝኛ፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፦

«ይህችን ዛፍ አውቃታለሁ። በእናቴ ጀርባ ወርዳለች፤
ስንት ሌሊት በጨረቃ፣ ኬላውን ዞራ አልፋለች።
ገበያ ላይ ሸክም ሆነች፤ አንዱ ሸክም ይህ ደብተር ነው።
ቀለበቷን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሰማንያ ላይ ጠፋው።
እሷው ላይ ተቀምጬ፣ በእሷው ላይ ስለ እሷ እየጻፍኩ ነው።
ይቅርታ ልበላት? ላመስግናት?
ቲቸር፣ ሰውዬው ዱር የገባው ለመኖር ነው ብለውናል።
እናቴም የምትገባው ለዚያው ነው።»

ስህተቷ ብዙ ነው። ጊዜው ተምታቷል፣ ግሡ ያለ ባለቤት ቆሟል፤
ዛፍን በእንግሊዝኛ «ሺ» ብላለች፤ ሕጉ «ኢት» በል ይላል።
ቀዩን ብዕር አነሣሁ።
«ሺ»…
በእኛው አፍ፣ በእኛው ቁጥር አነበብኩት።
አንዲት ጉቶ።
ሺ።
መብራቱ ሄደ። ብዕሩን በዳበሳ ከደንኩት።

ሰኞ ጋሽ ዳምጠው «ልጆቹ ምን ጻፉ?» ብለው ላኩ፤
«ተፈጥሮ ውብ ናት ብለዋል» አልኩ።